የሠንጠረዥ መልክ እና የአንባቢ ፍርድ

የጥናት እውነቱ ያለው በቁጥሩ ውስጥ ነው ይባላል። ታዲያ ቁጥሩ ወረቀት ላይ የሚሰፍርበት መልክ፣ ማለትም የዓምዱ አደራደር፣ የነጥቡ ቦታ፣ ኮከቡ፣ ቅንፉ፣ የግርጌ ማስታወሻው፣ የእውነቱ አካል ነው ወይስ ከእውነቱ ውጭ የቆመ ጌጥ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን በየዩኒቨርሲቲያችን ችላ ከተባሉት የእውቀት ጥያቄዎች አንዱና አሳሳቢው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በመጀመሪያ ለጥያቄው ቦታ እንስጠው። ሐዋሳ ላይ በ1976 እ.ኤ.አ. የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነቱ የደን ኮሌጅና ከዲላው የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የመጣ ነው። በከተማዋ ካምፓሶች በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጻፋል። የሲዳማ ቡና አምራቹ፣ እንሰት ፍቃ የምታበላው እናት፣ የጤና ጣቢያ ተገልጋዩ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ሰፊ፣ የሐይቁ ዓሣ አስጋሪ መጠይቅ ይሞላሉ። የሰጡት መልስ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው አራተኛው ምዕራፍ ውስጥ ባለ የሪግሬሽን ሠንጠረዥ ላይ ነው። ሪግሬሽን ማለት በቀላል አነጋገር፣ ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት ቢቆይ አንዱ ነገር በተወሰነ መጠን ሲለወጥ ሌላው በአማካይ ስንት እንደሚለወጥ የሚገመትበት ስሌት ነው። የመቶዎች ኑሮ በጥቂት አኃዞች የሚጠቃለለው እዚህ ገጽ ላይ ነውና ገጹ ጥንቃቄ ይሻል።

ይህ ሠንጠረዥ ዛሬ ብዙውን ጊዜ በእጅ አይሠራም። ተማሪው ስሌቱን ስታታ፣ አር ወይም ኤስፒኤስኤስ በተባለ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ይሠራና ውጤቱን በትእዛዝ ወደ ዎርድ ወይም ወደ ላቴክ ይልካል። ላቴክ ዶናልድ ክኑዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በፈጠረው ቴክ ላይ ሌስሊ ላምፖርት የገነባው የኅትመት ሥርዓት ነው፤ ሒሳብና ሠንጠረዥ የበዛበትን ጽሑፍ በመጽሐፍ ጥራት ያሰናዳል። ስንት ዓምድ ይኑር፣ ከነጥብ በኋላ ስንት አኃዝ ይጻፍ፣ ቅንፍ ውስጥ ምን ይግባ፣ ኮከብ መቼ ይለጠፍ የሚለውን ሁሉ ተጠቃሚው ማዘዝ ይችላል። ካላዘዘ ሶፍትዌሩ በዲፎልት፣ ማለትም ሠሪው አስቀድሞ ባስቀመጠለት መንገድ ያትመዋል።

መልክ ጌጥ ነው የሚሉ ሰዎች እንዲህ ይከራከራሉ። እውነት ያለው በመረጃውና በስሌቱ ውስጥ ነው። መረጃው በትክክል ከተሰበሰበ፣ ስሌቱም በትክክል ከተሠራ 3.2 በደማቅ ቢጻፍም በቀጭን ያው 3.2 ነው። ስለዚህ በሠንጠረዥ መልክ ላይ የሚጠፋው ሰዓት ከዋናው ሥራ የተሰረቀ ሰዓት ነው። እንዲያውም መልኩ አምሮ ይዘቱ ባዶ የሆነ ጥናት አንባቢን ያታልላል። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ ሁለት እውነቶች አሉት። የተበላሸ መረጃን የትኛውም መልክ አያድነውም፤ ውበትም ማስረጃ አይሆንም። ከእነዚህ ሁለቱ አልፎ የሚናገረውን ግን መፈተን አለብን።

አንዲት ተማሪ አራት መቶ የበቆሎ አምራች ቤተሰቦችን አጥንታ፣ ብድር ያገኘ ቤተሰብ ካላገኘው በሔክታር 3.2 ኩንታል አብልጦ ያመርታል የሚል ግምት ላይ ደረሰች እንበል። የግምቱ ስታንዳርድ ኤረር፣ ማለትም ግምቱ ከናሙና ናሙና የሚዋዥቅበት መጠን፣ 1.5 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ቀጥሎ የምናገረው የሶፍትዌሮቹ ጠባይ ግን እውነተኛ ነው። ግምቱ ለስታንዳርድ ኤረሩ ሲካፈል 2.13 ይሆናል፤ ፒ ቫሊዩው፣ ማለትም ብድር በእውነቱ ምንም ለውጥ ባያመጣ ኖሮ ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል፣ ደግሞ 0.03 ገደማ ነው። በስታታ ላይ ቤን ያን የሠራው ኢስትታብ የተባለው ትእዛዝ፣ ሌላ ካልታዘዘ፣ 3.2ን ከአንድ ኮከብ ጋር ጽፎ ከሥሩ ቅንፍ ውስጥ 2.13ን ያስገባል። ኮከብ የሚሰጠው በ0.05፣ በ0.01 እና በ0.001 ደረጃ ነው። እዚያው ስታታ ላይ የሚሠራው አውትሬግ2 ግን ያንኑ 3.2 ከሁለት ኮከብ ጋር ያትማል፤ ቅንፍ ውስጥም 1.5ን ይጽፋል። የእርሱ የኮከብ ደረጃዎች 0.1፣ 0.05 እና 0.01 ናቸው። በአር ላይ ማሬክ ህላቫች የሠራው ስታርጌዘርም እንደ አውትሬግ2 ነው። ፒ ቫሊዩው 0.07 የሆነ ሌላ ረድፍ ቢኖር ደግሞ በአንዱ ያለ ኮከብ፣ በሌላው ከኮከብ ጋር ይታተማል።

መረጃው አንድ ነው፤ ስሌቱም አንድ ነው። የሁለቱን ትእዛዞች ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ያየ ፈታኝ ግን ሁለተኛውን ውጤት ከመጀመሪያው የጠነከረ አድርጎ ያየዋል። ቅንፉ ውስጥ ያለውን 2.13 ስታንዳርድ ኤረር መስሎት ካነበበው ደግሞ ግምቱ ሊታመን የማይችል ነው ብሎ ይፈርዳል። እንግዲህ የሠንጠረዡ መልክ በአንባቢው ልብ ውስጥ እምነት ይተክላል፤ የተለያየ መልክ የተለያየ እምነት ይተክላል። እምነት የሚተክል ነገር ቃል ነው፤ ቃል ከሆነ ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት፣ ግልጽ ወይም አሳሳች ተብሎ ይመዘናል። ጌጥ እንዲህ አይመዘንም። መልክ ጌጥ ነው የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሰው «ጠንቃቃ አንባቢ የግርጌ ማስታወሻውን አይቶ ኮከቡ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል፤ ስለዚህ አይሳሳትም» ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን ይህ መልስ የእኔን ሐሳብ ያጸናልኛል። ማስታወሻው ከሌለ ቁጥሩ የማይነበብ ከሆነ ማስታወሻው የቁጥሩ አካል ነው ማለት ነው። ሠንጠረዡ ወደ ዎርድ ሲለጠፍ ማስታወሻውን ቆርጦ ያስቀረ ሰው ከገጹ ላይ ትርፍ መስመር አልቀነሰም፤ የተናገረውን ነገር ግማሹን ሰርዟል።

ኮከቡን በተመለከተ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ በሠንጠረዡ ላይ ካለው ምልክት ሁሉ ከፍተኛ ሥልጣን ያለው እርሱ ነውና። ሮናልድ ፊሸር በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የስታቲስቲክስ መጽሐፍ 0.05ን ለሥራ የሚመች መለያ ወሰን አድርጎ አቀረበው። ከጊዜ በኋላ ለምቾት የተቀመጠው ወሰን እውነትን ከሐሰት የሚለይ ድንበር ተደርጎ ይታይ ጀመር። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ሳይንሳዊ መደምደሚያም ሆነ የፖሊሲ ውሳኔ ፒ ቫሊዩ አንድን ወሰን በማለፉ ወይም ባለማለፉ ላይ ብቻ ሊመሠረት እንደማይገባ አስጠነቀቀ። አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው የተባለው ታዋቂ መጽሔትም ጸሐፊዎቹን በሠንጠረዥ ላይ ኮከብ አትጠቀሙ፣ ስታንዳርድ ኤረሩን በቅንፍ ጻፉ ይላቸዋል። መጽሔቱ ይህን የሠንጠረዥ መልክ ደንብ ያደረገው መልኩ በአንባቢ ፍርድ ላይ ያለውን ኃይል ስላወቀ ይመስለኛል።

ከአገራችን አንድ ማስረጃ ላቅርብ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሥራ ለማግኘት ያመለከቱ ሰዎችን በዕጣ ከሦስት ከፍለው አጠኑ። አንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ ተሰጠው፤ ሁለተኛው 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ቀረ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤታቸው እንደሚያሳየው የፋብሪካው ሥራ በአመልካቾቹ ገቢ ላይ ያመጣው ለውጥ እምብዛም ነው፤ አብዛኞቹም ፈጥነው ለቀቁ። በፋብሪካ በሠሩበት እያንዳንዱ ወር ደግሞ ከባድ የጤና ችግር የመድረሱ መጠን በአንድ የመቶኛ ነጥብ ጨመረ። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ሰዎች ገቢ ግን በ33 በመቶ አደገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር ለማለት ይቻላል።

የዚህ ጥናት ትልቁ ነገር የት ላይ እንዳለ ልብ እንበል። ለፖሊሲ አውጪ እጅግ የሚጠቅመው ዜና የፋብሪካ ሥራ ገቢን እንደታሰበው አለማሳደጉ ነው። ይህ ዜና ኮከብ በሚለጥፍ ሠንጠረዥ ላይ ኮከብ የሌለው ረድፍ ይሆናል። ዓይኑ ኮከብ መፈለግ የለመደ አንባቢ ያንን ረድፍ ዘልሎ ያልፈዋል፤ ተማሪውም «ትርጉም ያለው ውጤት አልተገኘም» ብሎ ለመጻፍ ያፍራል። እንደ ሐዋሳ ባለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ የብዙ ወጣቶችን ተስፋ በያዘበት ከተማ ግን ኮከብ የሌለው ያ ረድፍ ከሁሉም በላይ መነበብ ያለበት ነው።

ኮከብ የሌለው ረድፍ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። የአንዱ ግምት ዜሮ አጠገብ ሆኖ የመተማመኛ ክልሉ፣ ማለትም ከመረጃው ጋር የሚስማሙ እሴቶች የሚገኙበት ወሰን፣ ጠባብ ይሆናል፤ ይህ ውጤቱ በእርግጥ ትንሽ መሆኑን ይነግረናል። የሌላው ክልል ደግሞ ከትልቅ ኪሳራ እስከ ትልቅ ትርፍ ይዘልቃል፤ ይህ ምንም አላወቅንም ማለት ነው። «ትንሽ መሆኑን አወቅን» እና «ምንም አላወቅንም» የተባሉት ሁለት ነገሮች የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ኮከብ የሚቆጥር ሠንጠረዥ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልልን የሚጽፍ ሠንጠረዥ ግን ይለያቸዋል። ከላይ ባነሣሁት የበቆሎ ምሳሌ ክልሉ ከ0.25 እስከ 6.15 ኩንታል ይደርሳል። ለግብርና ጽሕፈት ቤት «ብድር ምርትን በኮከብ ደረጃ ያሳድጋል» ከማለት «ከመረጃው ጋር የሚስማማው ጭማሪ ከሩብ ኩንታል አንሥቶ ከስድስት ኩንታል በላይ ሊሆን ይችላል» ማለት እውነተኛ ነው። ሁለተኛውን የሰማ ኃላፊ ወጪውን ከጥቅሙ ጋር ያመዛዝናል፤ የመጀመሪያውን የሰማ ግን ከማጨብጨብ በቀር የሚያደርገው የለም።

አሁን ወደ ነጥቡና ወደ ዜሮው እንለፍ። የቤተሰቡ ገቢ በብር ተመዝግቦ ወደ ስሌቱ ሲገባ አንድ ብር የሚያመጣው ለውጥ እጅግ ትንሽ ስለሚሆን ሦስት አኃዝ ብቻ የሚጽፍ ሠንጠረዥ 0.000 ብሎ ከሦስት ኮከብ ጋር ያትመዋል። እንዲህ ያለው ረድፍ በአንድ አፍ «ምንም የለም» እና «በእርግጥ አለ» ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገቢውን በሺህ ብር ለክቶ እንደገና ማስላት፣ መለኪያውንም በረድፉ ስም ላይ መጻፍ። በቆዩ የኤስፒኤስኤስ ዕትሞች ውጤት ላይ የሚታየው .000 ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ከ0.0005 በታች የሆነው ፒ ቫሊዩ በሦስት አኃዝ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል። ያንን «ፒ እኩል ይሆናል 0.000» ብሎ መገልበጥ ውጤቱ በአጋጣሚ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ብሎ መማል ነው፤ በናሙና ላይ የቆመ ጥናት እንዲህ ሊምል አይችልም። «ከ0.001 በታች» ተብሎ ይጻፍ።

በጤና ኮሌጆች የሚዘወተረው የሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሠንጠረዥም የራሱ ጣጣ አለው። እዚያ የሚታተመው የተስተካከለ ኦድስ ሬሾ ነው፤ ኦድስ ማለት ነገሩ የሆነላቸው ሰዎች ብዛት ላልሆነላቸው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ሬሾው 2 ሲሆን «ሁለት እጥፍ የመሆን ዕድል አለው» ተብሎ ይነበባል። ካልተማሩ እናቶች ከመቶ 60፣ ከተማሩት ደግሞ ከመቶ 75 በጤና ተቋም ይወልዳሉ እንበል። ስልሳ ለአርባ 1.5 ነው፤ ሰባ አምስት ለሃያ አምስት 3 ነው፤ የሁለቱ ሬሾ 2 ይሆናል። ሰባ አምስት ግን የስልሳ እጥፍ አይደለም፤ በሩብ ብቻ ይበልጠዋል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ቁጥሩ ብቻውን መቆሙ ነው አንባቢውን ያሳሳተው። ከሬሾው አጠገብ መቶኛውን የሚያሳይ ዓምድ ቢጨመር ስህተቱ ይቀር ነበር። ያንን ዓምድ መጨመር አለመጨመር የመልክ ውሳኔ ነው፤ ለአንባቢው ግን በማወቅና ባለማወቅ መካከል ያለ ውሳኔ ነው።

እስካሁን የተባለው ትክክል ከሆነ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። መልክ እምነት የሚተክል ከሆነ መልክን እንደ ፈቃድ ማበጀት አንባቢን እንደ ፈቃድ ማሽከርከር አይሆንም? የሚፈልገውን ውጤት በሁለት ኮከብ ያስጌጠ፣ የማይፈልገውን ዓምድ የደበቀ ሰው ማበጀት ስለሚችል አይደለምን እንዲህ ያደረገው? እንግዲያው ሁሉም ሰው ዲፎልቱን ይዞ ቢቀር አይሻልም?

አይሻልም፤ ምክንያቱም ዲፎልትም ምርጫ ነው፤ ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር፣ ለሌላ አንባቢ የመረጠው ምርጫ። ሳይመረምሩ መቀበል ከኃላፊነት አያድንም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከምርጫ መሸሽ ሳይሆን ለምርጫው መለኪያ ማግኘት ነው። እኔ የማቀርበው መለኪያ አንድ ነው፦ ጥሩ የሠንጠረዥ መልክ ማለት አንባቢው ጸሐፊውን ሳይጠይቅ፣ ገጹን ብቻ ይዞ፣ ከጸሐፊው ጋር ለመከራከር የሚያስችለው መልክ ነው። አንባቢው እንዲያምን የሚገፋ መልክ ሸንጋይ ነው፤ እንዲመረምር የሚያስታጥቀው መልክ ሐቀኛ ነው። ማሽከርከርና ማበጀት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ይህ መለኪያ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተጻፉ ታውቋል። በብራናዎቹ መጀመሪያ ላይ በቀለማት በተሣሉ ዓምዶችና ቅስቶች ሥር የቁጥር ሠንጠረዦች አሉ። እነዚህ ሠንጠረዦች አውሳብዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ያዘጋጃቸው ዐሥሩ የወንጌል ማስተያያዎች ናቸው። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ አራት ዓምድ አለ፤ በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን የቆሙት ቁጥሮች አራቱ ወንጌላውያን የሚጋሩትን ክፍል ያመለክታሉ። በመጨረሻው ደግሞ እያንዳንዱ ወንጌላዊ ለብቻው የጻፈው ይዘረዘራል። አውሳብዮስ ለቀርጵያኖስ በጻፈውና ከሠንጠረዦቹ አስቀድሞ በሚገኘው ደብዳቤ ሠንጠረዡ እንዴት እንደሚነበብ ያስረዳል። አንባቢው የደብዳቤውን መመሪያ ተከትሎ፣ ቁጥሩን ይዞ ወደ ወንጌሉ ይሄዳል፤ መመሳሰሉንም መለያየቱንም በገዛ ዓይኑ ያያል። ቅስቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ዓምድን ከዓምድ ይለያል። ውበቱ ለንባብ ያገለግላል፤ ማስታወሻው አንባቢውን ያስታጥቃል፤ ቁጥሩ ወደ ምንጩ ይመልሳል። የዛሬ ጥናት ሠንጠረዥ ከዚህ ማነስ የለበትም።

የአንድምታ ትርጓሜያችንም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። መምህሩ አንዱን ንባብ ከተረጎመ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ይጨምራል፤ ደቀ መዝሙሩ ሁሉንም ሰምቶ ያመዛዝናል። የሪግሬሽን ሠንጠረዥ ዓምዶችም እንዲሁ ናቸው። በመጀመሪያው ዓምድ ብድርና ምርት ብቻ ይታያሉ፤ በሁለተኛው የመሬት ስፋትና ትምህርት ይጨመራሉ፤ በሦስተኛው የቀበሌ ልዩነት ይታሰባል። ግምቱ ከ3.2 ወደ 1.1 ቢወርድ ያንን ያሳየውን ዓምድ መሠረዝ አንዱን «አንድም» ከጉባኤው ማፈን ነው። ሠንጠረዡ ግምቱን ያደከመውን ዓምድ ካላካተተ አንባቢው የሚከራከርበት መሣሪያ ተነጥቋል።

ከዚህ መለኪያ የሚወጣውን ተግባር ባጭሩ ላስቀምጥ። የረድፉ ስም ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሰጠው ምሕጻረ ቃል አይሁን፤ «የቤተሰብ አባላት ብዛት»፣ «እስከ ገበያ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር» ተብሎ ከነመለኪያው ይጻፍ። ስታንዳርድ ኤረሩ 1.5 ሆኖ ሳለ ግምቱን 3.21743 ብሎ መጻፍ የሌለንን እርግጠኝነት ማስመሰል ነውና የአኃዙ ብዛት ከእውቀታችን ልክ አይለፍ። የነጥቦቹ መስመር ይጠበቅ፤ በላቴክ ላይ ጆሴፍ ራይት የሠራው ኤስአይዩኒትኤክስ የተባለ ጥቅል ይህንን ይሠራል፤ ዓይን ትልቁን ከትንሹ ወዲያው የሚለየው ነጥቦቹ በአንድ መስመር ሲቆሙ ነው። የሠንጠረዥ መስመሮችን የሚያበጀውን ቡክታብስ የተባለ የላቴክ ጥቅል የሠራው ሳይመን ፊር ቁም መስመር ፈጽሞ አትጠቀሙ፣ ድርብ መስመርም አታድርጉ ይላል፤ መስመር ሲበዛ ዓይን ከረድፉ ይልቅ ሳጥኑን ያያልና ምክሩ የመለኪያችንን ፈተና ያልፋል። በግርጌው ላይ የናሙናው ብዛት፣ ቅንፉ ውስጥ ያለው ምንነት፣ ስታንዳርድ ኤረሩ የተሰላበት መንገድ፣ የመረጃው ቦታና ዓመት ይስፈሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፦ ቁጥሩ ከስሌቱ እስከ ገጹ ድረስ የሰው እጅ ሳይነካው ይሂድ። ሠንጠረዥ የሚልኩ ትእዛዞች እውነተኛ ጥቅማቸው ይህ ነው። የኢስትታቡ ሠሪ ቤን ያን ሥራውን በስታታ ጆርናል ላይ በ2005 እና በ2007 እ.ኤ.አ. አስተዋውቋል፤ ስታታ ራሱም በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው 17ኛ ዕትሙ ለዚሁ ተግባር አዳዲስ ትእዛዞችን ጨምሯል። መልኩን ሁሉ በትእዛዝ ጽፎ ያስቀመጠ ተማሪ አማካሪው «እነዚህን ቤተሰቦች ከናሙናው አውጣቸው» ቢለው እንደገና ያሰላል፤ ሠንጠረዡም በሙሉ ይለወጣል። በእጁ የሚለጥፍ ግን አንዱን ሕዋስ ቀይሮ ሌላውን ይረሳል፤ ከዚያም አንድ ሠንጠረዥ የሁለት ስሌት ድብልቅ ይሆናል። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ መንግሥታት ዕዳና ዕድገት ባወጡት ጥናት ውስጥ የኤክሴል ቀመራቸው አምስት አገሮችን ሳያካትት ቀርቶ ነበር። ስህተቱ የታወቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ቶማስ ኸርንደን የተባለ ተማሪ ፋይላቸውን አግኝቶ ሲመረምር ነው። የታተመውን ሠንጠረዥ ብቻ በማየት ሊገኝ አይችልም ነበር። ገጹ ወደ ስሌቱ የሚመልስ መንገድ ከሌለው የአንባቢው የመሞገት አቅም ግማሽ ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ አንባቢው ማነው የሚል ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮቪድ ሲገባ ተመራማሪዎች የፓርኩን ሴት ሠራተኞች በስልክ እየጠየቁ ስለ ሥራ መቋረጥ፣ ከከተማ ወደ ገጠር ስለመመለስ፣ ስለ ምግብ እጦት መረጃ ሰበሰቡ፤ ጥናቱም በ2021 እ.ኤ.አ. ዎርልድ ዴቨሎፕመንት በተባለው መጽሔት ታተመ። ምሁራን ያነቡታል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ስልኩን አንሥታ የመለሰችው ሠራተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ የከተማው የሥራና ክህሎት ኃላፊ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ከተሞላ ሠንጠረዥ ጋር ምን ክርክር ሊገጥሙ ይችላሉ? መረጃ የሰጠ ሰው ከመረጃው የወጣውን ፍርድ ለመመርመር መብት አለው። ስለዚህ ተመራማሪው ከዋናው ሠንጠረዥ ጎን ሌላ ሠንጠረዥ በአማርኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ሊያዘጋጅ ይገባል፤ ረድፉ ጥቂት፣ መለኪያው ኩንታልና ብር፣ ማስታወሻው ግልጽ የሆነ።

«በግዕዝ ፊደል ማተም ያስቸግራል» የሚለው ምክንያት ዛሬ አይሠራም። ብርሃኑ በየነ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር አማርኛን በላቴክ ለማተም የሚያስችል ጥቅል የሠራው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ዚላቴክን የመሳሰሉት የኅትመት ሥርዓቶች እንደ አቢሲኒካ ባሉ ፎንቶች በቀጥታ ያትሙታል። የረድፎቹን ስም በሁለት ቋንቋ አንድ ጊዜ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ያንኑ ስሌት በሁለት ትእዛዝ በሁለት ቋንቋ ያወጣዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከተማሪዎች የሚመጣ ነው። «መልኩን የሚወስነው የትምህርት ክፍሉ መመሪያና ፈታኙ ነው፤ ኮከብ ካልለጠፍኩ ጥናቴን ያጣጥሉብኛል» ይላሉ። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ወጣቱን ብቻውን ተዋጋ ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም ኮከብ የሚያስገድድ መመሪያ የመተማመኛ ክልልን አይከለክልም፤ ማስታወሻ ማስረዘምን አይከለክልም፤ ደካማውን ዓምድ ማሳየትን አይከለክልም። ተማሪው የተጠየቀውን ሰጥቶ ያልተጠየቀውን እውነት ሊጨምርበት ይችላል። ከባዱ ሸክም ግን የመምህራኑ ነው። ኮከብ የሚቆጥር ፈታኝ ኮከብ የሚያመርት ተማሪ ይፈጥራል፤ ክልሉን፣ መለኪያውንና ማስታወሻውን የሚጠይቅ ፈታኝ ደግሞ የሚያስብ ተማሪ ያፈራል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። የሠንጠረዥ መልክ የጥናቱ ቃል ነውና እንደ ቃል ይጠበቅ። የሐዋሳም ሆኑ የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን የትምህርት ክፍሎች ሦስት ነገር ቢያደርጉ ብዙ ይለወጣል፦ የመተማመኛ ክልልን፣ መለኪያንና ሙሉ የግርጌ ማስታወሻን ግዴታ የሚያደርግ የጋራ የሠንጠረዥ አብነት ያዘጋጁ፤ ሠንጠረዡን ያወጣው የትእዛዝ ፋይል ከጥራዙ ጋር እንዲገባ ይጠይቁ፤ መረጃ ለሰጠው ማኅበረሰብ በቋንቋው የሚነበብ አንድ ሠንጠረዥ ይመለስ። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንተም አንቺም፣ ይህን የምታነቡ ተማሪዎች፣ ሠንጠረዣችሁን ወደ ጥረዛ ቤት ከመላካችሁ በፊት እናንተን የማያውቅ ሰው ያንን ገጽ ብቻ ይዞ ሊሞግታችሁ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። የማይችል ከሆነ ሥራው አላለቀምና ተመልሳችሁ አስተካክሉት።